ከአምባው ሥር የታሰሩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዳዊት በደገምን ቁጥር እግዚአብሔርን አምባችን፣ መጠጊያችን እያልን እንጠራዋለን። ቃሉን ከልጅነታችን ስለለመድነው አፋችን ላይ ቀልሎናል። አምባን በእግሩ ወጥቶ ያየ ሰው ግን ቃሉን ሲጠራ ጉልበቱም አብሮ ያስታውሳል።

በጥር ወር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አንኮበር ሄደን፣ ጥንት የሸዋ ነገሥታት ግቢ ወደ ነበረበት ኮረብታ ወጣን። መንገዱ በጥድና በወይራ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከታች ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ አንዱን ጥምዝ አለፍን ስንል ግን ሌላው ይመጣል። ስንነሣ መዝሙር ጀምረን ነበር፤ ከእኩሌታው በኋላ ከትንፋሽ በቀር የሚሰማ አልነበረም። (በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ ትንሽ ወፍ አለች ይባላልና በየቅርንጫፉ ፈለግናት፤ አላገኘናትም።)

ከላይ ሲደርሱ በአንድ ወገን ደጋው፣ በሌላው ወገን እስከ አፋር ቆላ ድረስ የሚወርደው ገደል ይታያል። ነገሥታቱ ይህን ስፍራ ለምን እንደ መረጡት ማንም ሳይነግረን ገባን። ከቆላ የሚመጣ ሰው ሳይታይ አይደርስም፤ ቢደርስም ግቢው በአጥር ላይ አጥር የተከበበ፣ በበር ላይ በር ያለው ነበር። ዛሬ በጫፉ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል፤ ከጥንቱ የቀረው የድንጋይ ግንብ ስባሪ ነው።

እዚያ ተቀምጠን የተነጋገርነው ግን ስለ ግንቡ አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚህ ግቢ ሲኖሩ፣ ዙፋኑን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የቅርብ ዘመዶቻቸው በአንኮበር አካባቢ ጎንቾ በሚባል ስፍራ በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። ይህም የሣህለ ሥላሴ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሳቸው በፊት ግሼንም ወህኒም የመሳፍንት ማሰሪያ ነበሩ። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ንጉሡ በኋላ እነዚያን ዘመዶቻቸውን ከእስር ፈትተዋል።

ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ያ ሁሉ አጥርና በር አላገዳቸውም። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በልጅነቱ ተወስዶ በሌላ አምባ፣ በመቅደላ ኖረ፤ በክብር ቢያዝም እስረኛ ነበረ፤ በ1857 ዓ.ም. እስኪያመልጥ ድረስ። ይህን የአያቱ ቅጣት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን አንዱ አምባ ለአንዱ መጠጊያ፣ ለሌላው ወህኒ መሆኑ ልባችንን ነካው።

እኛስ? ሰንሰለት የለንም፤ ነገር ግን ሰላምታ የነሣነው ወንድም አለን። በመዝሙር ምርጫ ተጣልተን ዓመት ያለፈን አለን። ቤቱን ጥሎ የሄደ አባቱን ስሙ እንዳይጠራበት የከለከለም በመካከላችን አለ፤ ይህ እንደ መዝሙሩ ጠብ ቀላል አይደለም፤ እናቃልለው ብንል ዋሾች እንሆናለን። እንዲህ ሆነን በማለዳ ተነሥተን እግዚአብሔርን አምባዬ እንለዋለን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 24 ያለውን ታሪክ እናስብ። ሳኦል 3000 ሰው አስከትሎ ዳዊትን ሊገድል ወደ ዓይንጋዲ ምድረ በዳ ወጣ። ዳዊትና ሰዎቹ ወደ ተሸሸጉበት ዋሻ ሳያውቅ ብቻውን ገባ። ሰዎቹ ጊዜው ዛሬ ነው አሉት። ዳዊት ግን የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆረጠ፤ ያንንም በማድረጉ ልቡ ተጨነቀ። ጠላቱ ገዛ እጁ ላይ፣ ገዛ መሸሸጊያው ውስጥ ወድቆ ሳለ ለቀቀው። ሳኦልም አለቀሰ።

ብዙ ጊዜ ስብከቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኛ ግን የምዕራፉን መጨረሻ ደግመን አነበብነው። ሳኦል ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳዊት ተከትሎት አልሄደም፤ ከሰዎቹ ጋር ወደ አምባው ወጣ። ይቅር አለው፤ ጦሩን ግን አልረሳም። እንግዲህ የበደለንን ከልባችን ወህኒ መፍታት አንድ ነገር ነው፤ ዱላ ለያዘ ሰው የቤትን በር ከፍቶ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ይህን የምንጽፈው ይቅር በሉ ሲባሉ የሚፈሩ እኅቶች እንዳሉን ስለምናውቅ ነው። እግዚአብሔር አምባ የሚሆነው ለእነርሱም ነው።

የነነዌ ጾም ከመግባቱ በፊት እያንዳንዳችን አንድ ስም በልባችን ይዘን እንድንጸልይበት ተስማምተናል። ስሙን ለንስሐ አባታችን እንጂ ለማንም አንናገርም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።