ስለ ረጅም ሕመም፤ ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ የተጻፈ ምክር

ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድንገት መጥቶ ቶሎ የሚሄድ ነው፤ እሾህ ሲወጋን፥ እሳት ሲፈጀን፥ አጥንት ሲሰበርብን የሚሰማን ነው። ሁለተኛው ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ የማይለቅ፥ ወይም ምክንያቱ በግልጥ ሳይታወቅ በወገብ፥ በራስ፥ በጕልበት፥ በሆድ ተቀምጦ ከሰው ጋር ዓመታት የሚኖር ነው። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየውን ወይም እየተመላለሰ የሚመጣውን ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ይህች ትንሽ ጽሕፈት የምትናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ድንገት ለታመመ ሰው ጎረቤት ሁሉ ይሮጣል። ሕመሙ የቆየበት ሰው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ ሞልቶት፥ በሁለተኛው ዓመት ብቻውን ይቀራል። በፊቱ ላይ ቁስል አይታይም፤ በእግሩ ቆሞ ይሄዳልና ሰዎች ጤነኛ ይመስላቸዋል። አንዱ «ሐኪሞቹ ምንም አላገኙበትም» ይላል፤ ሌላው «ሥራ ጠልቶ ነው» ይላል፤ ሌላውም «እምነት ቢኖረው በዳነ ነበር» ይላል። እንዲህ ሲባል በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨመርበታል። እንግዲህ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ ስለዚህ ነገር እውነቱን ማወቅ ይገባዋል። እውነቱም ይህ ነው፤ ሕመም የሥጋም የነፍስም ነው። ነፍስ በሕመም ላይ ድርሻ አላት ማለት ግን ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ርዳታ የሚገባበት ሁለተኛ በር አለ ማለት ነው እንጂ።

፩. ሕመም ለምን ተሰጠን?

እግዚአብሔር ሥጋችንን ሲፈጥር ሕመምን እንደ ዘበኛ አቆመልን። ይህን በሚገባ ያስተዋለ ፖል ብራንድ የሚባል ሐኪም ነበረ። ወላጆቹ በህንድ አገር ወንጌልን የሚሰብኩ እንግሊዞች ነበሩ፤ እርሱም በእንግሊዝ አገር ሕክምናን ተምሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ወደ ህንድ ተመለሰ፤ በቬሎር ከተማም በክርስቲያኖች ሆስፒታል ሲሠራ የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች ያክም ጀመር። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ደዌው ራሱ ጣትን እየበላ የሚጥል ይመስለው ነበር። ብራንድ ግን ነገሩን ሲመረምር ሌላ ነገር አገኘ። ደዌው ነርቮችን ያደነዝዛልና ሕመምተኛው ሕመም አይሰማውም፤ ሕመምም ስለማይሰማው የጋለ ድስት በእጁ ያነሣል፥ ምስማር እግሩን ወግቶት ሲሄድ ይውላል። ጣቱን ያጠፋው ያልተጠበቀ ቁስል ነበረ። ስለዚህ ብራንድ ሕመም ከእግዚአብሔር የተሰጠን መልካም ጠባቂ እንደ ሆነ ዕድሜውን ሙሉ አስተማረ።

ነገር ግን ጠባቂ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ከልኩ ያልፋል። ሌባው ከሄደ በኋላ ሌሊቱን ሁሉ የሚጮኽ ውሻ አለ። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ባለቤቱም በእውነት እንቅልፍ ያጣል፤ ሌባ ግን በደጅ የለም። የቆየ ሕመምም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ወሬ የሚያመላልሱት ነርቮች፥ ኅብለ ሰረሰርና አንጎልም ለረጅም ጊዜ ከታወኩ ንቃታቸው ከመጠን ያልፋል፤ ትንሽ ነገርም ያስጮኻቸዋል። እንዲህ ያለውን ውሻ በድንጋይ ቢመቱት ጩኸቱን ያበዛል፤ በቀስታ ቢያረጋጉት ግን ዝም ማለትን ይማራል። እንደ ሪህና እንደ ካንሰር ባለው ደዌ ሌባው ገና በቤት ውስጥ ነው፤ በዚያም ጊዜ እንኳ ውሻውን ማረጋጋት ይጠቅማል።

፪. ነፍስ በሕመም ላይ ያላት ድርሻ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በኢጣልያ ግንባር በብርቱ የቆሰሉ ወታደሮችን፥ ሕመም የሚያስታግሥ መድኃኒት ይፈልጉ እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፥ ከ4ቱ 3ቱ ያህል አልፈለጉም። ምክንያቱንም ሲያስብ፥ ቁስሉ ለወታደሩ ከሞት ማምለጫና ወደ አገሩ መመለሻ ሆኖለታል ብሎ ፈረደ። ያው ቁስል ግን በሰላም ቀን አንዱን ገበሬ ቢያገኘው፥ እርሻዬ ሳይታረስ ቀረ፥ ልጆቼን ማን ያበላልኛል ሲል ሕመሙ ይበረታበታል። ቁስሉ አንድ ሲሆን ትርጕሙ ሁለት ሆነ፤ ትርጕሙን የምታነብ ደግሞ ነፍስ ናት።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል በ1965 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲያስረዱ፥ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር አለ አሉ። የሕመም ወሬ ወደ አንጎል ሲወጣ በሩ አንዳንድ ጊዜ ይሰፋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጠባል፤ በሩን ከሚገዙትም አንዱ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች ዝርዝሩን ቢያርሙትም፥ አንጎል የሕመምን ወሬ ሊያበዛውም ሊያሳንሰውም እንደሚችል አጽንተዋል። ፍርሃት፥ ቍጣ፥ ተስፋ መቍረጥ፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ብቸኝነትም በሩን ያሰፋሉ፤ ዕረፍት፥ ተስፋ፥ የወዳጅ መገኘት፥ ልብን የሚይዝ ሥራም ያጠቡታል። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሕመምን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበር የሕመምን ትርጕም ሲያድስ፥ ሕመም የስሜት ሕዋሳትም የልብም ነገር እንደ ሆነ ገልጦ፥ ሰው አሞኛል ሲል ቃሉ መከበር እንዳለበት ጨመረ።

፫. ለሚፈርዱ ሰዎች

እንግዲህ በሕመምተኛ ላይ የምትፈርድ ወንድሜ ሆይ፥ የኢዮብን ወዳጆች አስብ። በመጡ ጊዜ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ይህም መልካም ሥራቸው ነበረ። አፋቸውን ከፍተው ኀጢአትህ ነው ማለት በጀመሩ ጊዜ ግን ቍስለኛውን ደግመው አቈሰሉት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው። ጌታችንም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ማን ኀጢአት ሠራ ብለው ቢጠይቁት፥ እርሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ነገራቸው።

እምነት የጐደለው አይድንም ለሚሉትም ሐዋርያው ጳውሎስ መልስ ነው። በሥጋው ስለ ተሰጠው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣለትም፤ የሚሸከምበት ጸጋ ግን ተሰጠው። ከጳውሎስ የሚበልጥ እምነት አለኝ የሚል ማን ነው? ደግሞም ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመሙ በተቸገረ ጊዜ፥ ጳውሎስ እምነትህ ደካማ ነው ብሎ አልገሠጸውም፤ በዚያ ዘመን ለሆድ የሚጠቅመውን ነገር መከረው እንጂ። ስለዚህ ጸሎት ያለ ቦታ ሁሉ መድኃኒትን ማባረር የለበትም። ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ጣል ቢባል፥ እንዲህ ያለውን ምክር አይስማ።

፬. ለሕመምተኛው

አንተ በሕመም የምትኖር ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ ሆይ፤ በመጀመሪያ ሕመማችሁን አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያቺ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት፥ ገንዘቧን ሁሉ በባለ መድኃኒቶች የጨረሰች፥ በስውር ድና ልትሄድ ባሰበች ጊዜ ጌታ አቆማት፤ የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት እስክትናገር ጠበቃት፥ ልጄም ብሎ ጠራት። ሥጋዋን ከፈወሰ በኋላ ነፍሷንም ሰማ። እናንተም ለሐኪማችሁ ወገባችሁን ብቻ ሳይሆን እንቅልፋችሁን፥ ፍርሃታችሁንና ኀዘናችሁን ንገሩት። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን መድኃኒት ቢያዝላችሁ፥ ሰውም ይህ የሐዘንተኞች መድኃኒት ነው ቢላችሁ፥ እብድ ተባልሁ ብላችሁ አትቈጡ። መጀመሪያ ለብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የተሠራ ቢሆንም፥ በጥቂት መጠን ሲሰጥ ከነርቭ የሚመጣውን ሕመም ለአንዳንዶች ያስታግሣል።

ሁለተኛ፥ ፍርሃትን እወቁበት። ወገቤ እንዳይሰበር ብሎ የሚተኛ ሰው ጡንቻው ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻም በጥቂት ሥራ ያማል፤ ሲያምም ፍርሃቱ ይጨምራል፤ እንዲህም እየዞረ ሰውየውን በአልጋው ላይ ያስረዋል። ሌላ ሰው ደግሞ ሕመሙ በቀለለበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ሲሠራ ይውልና ሦስት ቀን ይወድቃል። ሁለቱም መንገድ አይጠቅምም። የሥራችሁን ልክ ሕመሙ አይወስንላችሁ፤ እናንተ አስቀድማችሁ ወስኑ። 20 ደቂቃ ስትሄዱ የሚበረታባችሁ ከሆነ 15 ደቂቃ ሂዱና ዕረፉ፤ በመልካሙም በክፉውም ቀን ያንኑ ጠብቁ፤ በሚመጣው ሳምንት ጥቂት ጨምሩ። ውሃ የምትቀዳ እኅትም ሙሉ እንስራ ከምታነሣ በግማሽ ጀምራ ሁለት ጊዜ ትመላለስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ ሥጋችሁን አትናቁ። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ ተግሣጽ አልላከበትም፤ አስተኛው፥ መልአክም ልኮ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፥ ደግሞም አስተኛው፥ ደግሞም አበላው። ቃሉን ያሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በተወሰነ ሰዓት ተኝታችሁ በተወሰነ ሰዓት ተነሡ፤ ሕመሙ ሲበረታ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ትንፋሻችሁን ከምትይዙ፥ በጸሎት ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። አረቄን ግን መድኃኒት አታድርጉት፤ ሌሊቱን አደንዝዞ ማለዳውን ያከብዳልና። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለውንም የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ አትዋጡ፤ ጨጓራንና ኵላሊትን ይጎዳል።

አራተኛ፥ ማልቀስ ኀጢአት እንዳይመስላችሁ። ዳዊት በመዝሙሩ ጮኾአል፤ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሞአል፤ እግዚአብሔርም አልጣላቸውም። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ቢመጣባችሁ ግን ብቻችሁን አትዋጉት፤ በዚያው ቀን ለወዳጅ፥ ለመጋቢ፥ ለሐኪምም ንገሩ። እግር ቢዝል፥ ሽንት ማምለጥ ቢጀምር፥ ትኩሳት ቢጨመር ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ቢከሳ፥ ይህን የተለመደው ሕመሜ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

፭. ለቤተ ሰብና ለጠያቂዎች

ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ክርስቲያን ነበረች፤ አስቀድማ ነርስ ኋላም ሐኪም ሆና፥ በ1967 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሎንዶን ለማይድኑ ሕመምተኞች የቅዱስ ክሪስቶፈርን ቤት ከፈተች። እርስዋም የሰው ሕመም የሥጋ፥ የልብ፥ የኑሮና የመንፈስ ሕመም በአንድነት እንደ ሆነ አስተማረች። ሥጋውን ሐኪም ያክማል፤ ብቸኝነቱን ግን የሚያክሙት እናንተ ናችሁ።

ስትጠይቁት በየጊዜው አዲስ መድኃኒት ይዛችሁ አትምጡ፤ ሌላው ሰው እንዴት እንደ ዳነም አትተርኩለት። «ዛሬ እንዴት አደርህ?» በሉትና መልሱን እስኪጨርስ ታገሡ። ከሕመሙ ሌላ ስላለው ነገርም ጠይቁት፤ ስለ ልጆቹ፥ ስለ እርሻው፥ ስላነበበው ነገር አጫውቱት፤ እርሱ ሕመም ብቻ አይደለምና። በፍቅር ብላችሁም ሥራውን ሁሉ ከእጁ አትቀሙት። አባት ከሆነ ምክሩን ጠይቁት፤ እናት ከሆነች በተቀመጠችበት የምትለቅመውን ምስር ስጧት፤ ለቤቱ የሚያስፈልግ ሰው መሆን ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ጌታችን በጌቴሴማኒ በተጨነቀ ጊዜ ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት የለመነው ጽዋውን እንዲወስዱለት አልነበረም፤ ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ነው እንጂ። እነርሱ ተኙ፤ እናንተ ግን አትተኙ።

ማጠቃለያ

ወዳጆቼ ሆይ፤ ከዚህ ጽሕፈት ሕመም ሁሉ ይጠፋል የሚል ተስፋ አንሰጣችሁም። ለአንዳንዱ ይጠፋል፥ ለብዙው ይቀላል፥ ለአንዳንዱም እንደ ጳውሎስ መውጊያ ይኖራል። ነገር ግን ሕመም በቤት የሚኖር እንግዳ መሆኑ አንድ ነገር ነው፥ የቤቱ ጌታ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። በትዕግሥት፥ በጥበብ፥ በወዳጆችም ርዳታ ጌትነቱን ልንነሣው ይቻለናል፤ የቤታችን ጌታ ሌላ ነውና። እርሱም ሕመምን ከሩቅ የሚያውቅ አይደለም፤ በእጆቹና በእግሮቹ የተሸከመው ነው፤ ከሙታን ከተነሣ በኋላም ምልክቱን ለደቀ መዛሙርቱ አሳይቶአል።

የርኅራኄ አባት እግዚአብሔር ለሚታመሙት ጽናትን፥ ለሚያክሙት ጥበብን፥ ለሚያስታምሙትም የማይደክም ፍቅርን ይስጥ። አሜን።