መጀመሪያ እጃቸውን እይ

ልጄ፣

በፍላሽ የሰጠኸኝን ፊልሞች አይቼ ጨርሻለሁ። «ጋሼ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት መስመር ይበቃል፤ ጓደኞቼ ረጅም ነገር አያነቡም» ብለኸኝ ነበር። አንዳንዱ ሁለት መስመርም ይበዛበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም። እንደ አመጣጡ እጽፍልሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ፊልም ስመለከት የምከተለውን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ቅዳሜ ማታ ተሰብስባችሁ ስታዩ ይጠቅማችኋልና።

የሰዎቹን እጅ እይ። በምን እንደሚተዳደሩ፣ እንጀራቸው ከየት እንደሚመጣ ፊልም ሠሪው ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቅ። በብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞች አባትየው ሀብታም ነው፤ ምን ነግዶ እንደከበረ ግን አይነገረንም። ቢሮ ይገባል፣ ስልክ ያነሳል፣ ይቆጣል። ልጁ መኪና ይነዳል፤ ፍቅረኛው ካፌ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ሰው ላቡን ሲጠርግ አናይም። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመምህርነት ነው። አንድ ተማሪ ለምን እንደሚያረፍድ የሚገባኝ ወደ ክፍል ከመምጣቱ በፊት ውሃ ሲቀዳ ወይም ከብት ሲያሰማራ እንደቆየ ሳውቅ ነበር። የፊልም ሰውም እንዲሁ ነው፤ ኑሮውን ካላየሁለት ዕንባው አይገባኝም።

በዓለም «ላምብ» ተብሎ በታወቀው በያሬድ ዘለቀ ፊልም ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ያለችው አንዲት ቹኒ የምትባል በግ ናት፤ እሷንም አጎትየው ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። ታሪኩ ይኸው ነው። ፊልሙን ከሌላው የለየው ግን ልጁ ምግብ መሥራት መቻሉ ነው። ሙያውን የተማረው ከእናቱ ነው። አጎትየው ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል ብሎ ይቆጣል፤ እሱ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ያወጣና ሳንቲም ያጠራቅማል። ሊጡን ሲያዘጋጅ ጣቶቹን ልብ ብለህ ተመልከታቸው። ይህ ልጅ እናቱን የሚያስታውሳት በጣቶቹ ነው፤ «እማዬ ናፈቀችኝ» የሚል ንግግር አላስፈለገውም። ጓደኞችህ «ፊልሙ ይንቀራፈፋል» ካሉህ ይህችን ቦታ መልሰህ ክፈትላቸው።

«ቁራኛዬ» የሞገስ ታፈሰ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቆራኝተው እስከ ችሎት የሚጓዙበትን የጥንት የፍርድ ሥርዓት ይዞ ተነስቷል። አለባበሱና አነጋገሩ ተለፍቶበታል፤ ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች አብረው ለመሄድ፣ አብረው ለመቀመጥ ሲገደዱ ማየቱ ብቻ ይበቃል። አንዳንዱ ምልልስ በዛብኝ እንጂ በጣም ወድጄዋለሁ። ለጓደኞችህ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይህንን አሳያቸው።

«ድፍረት» ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ከጠላፊዋ ለማምለጥ ስትታገል በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ትገድለዋለች። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ሲሆን የጥብቅናውን ሥራ የያዘችው መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በ2011 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። እናንተ ያን ዘመን አልደረሳችሁበትም። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። እኔ ባስተማርኩባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ «አቤት» የሚል ድምፅ ያጣሁላቸው ሴት ልጆች ነበሩ። «ተጠልፋ ነው» ይላል አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ። ስለዚህ ይህን ፊልም እንደ ሌሎቹ ተደላድዬ አላየሁትም።

ፊልሙ ትልቅ የሚሆንብኝ ጠበቃዋ ስትመላለስ ነው። ፋይል ይዛ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ሚኒስቴር፤ በር ሲዘጋባት ሌላ በር ታንኳኳለች። ፍትሕ የሚገኘው በእንዲህ ያለ አሰልቺ ልፋት መሆኑን አሳይቶናል። ሽማግሌዎቹም በክፋት አልተሳሉም፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ ልማዳቸውን ከልባቸው አምነው ነው። ይህንን ደፍሮ ማሳየት ቀላል አይደለም። ሌላም ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ፊልሙ በነሐሴ 2006 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋርጦ ነበር፤ የሕይወቷ ታሪክ የተወሰደባት ሴት አቤቱታ በማቅረቧ ነው። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ የእሷንም አቤቱታ በሙሉ ልቤ እሰማዋለሁ። ሁለቱን አብረህ ያዛቸው።

«ጤዛ» የኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በፌስፓኮ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ አሸንፏል። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ዘመኑ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበት ነው። ነገሩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስ መጀመሪያ ያደናግራል፤ ታገስ። የእናትየውን ነገር ተመልከት፤ የተማረ ልጇ አእምሮው ሲናወጥባት፣ ሌሊት ሲባንን፣ እሷ የምታውቀውን ታደርጋለች፤ ታበላዋለች፣ ጸበል ትወስደዋለች። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ይህን ፊልም ስናይ የምንቆጥረው የቀሩትን የክፍል ጓደኞቻችንን ነው። አንተ ስታየው አባትህ ስለዚያ ዘመን ለምን እንደማያወራ ትረዳ ይሆናል። አትጠይቀው፤ አብረኸው ተቀምጠህ እይ።

የዚሁ ሰው የቀድሞ ሥራ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በፍላሹ ውስጥ አልነበረም፤ ፈልገህ አግኘው። በ1966 ዓ.ም የንጉሡ መንግሥት እየተናጋ ባለበት ወቅት በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ተዋናዮቹ ባለሙያዎች አይደሉም። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኞቹ ከንጋት እስከ ምሽት ያርሳሉ፣ ይሸከማሉ። ካሜራው የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም። እጃቸውን እይ ያልኩህን ይህ ፊልም ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያስተምርሃል።

«ብላክ ጎልድ» የእንግሊዛውያን ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንን ይመሩ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ይከተላል። እሳቸው ገበሬዎቹን ሰብስበው በውጭ አገር አንድ ስኒ ቡና ስንት እንደሚሸጥ፣ ከአንድ ኪሎ ስንት ስኒ እንደሚወጣ ሲያሰሉላቸው የሰዎቹን ፊት ተመልከት። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ከአንድ ዶላር በታች እየተከፈላቸው ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም አሉ፤ ጣታቸው ይፈጥናል፤ ፊታቸው ዝም ብሏል። ከዚያ ካሜራው ወደ እኛው ወደ ሲዳማ ይመጣና በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበትን ማዕከል ያሳያል። እዚህ ሐዋሳ በየመንገዱ ዳር ጀበና ጥደው ቡና የሚሸጡልንን ልጆች ሳይ ይህ ፊልም ትዝ ይለኛል። ከፊልሙ አንድ ዓመት በኋላ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች ጉዳይ በኢትዮጵያና በስታርባክስ መካከል በስምምነት አልቋል፤ ያንንም አንብብ።

«ፋያ ዳዪ» ጄሲካ በሽር ሐረርና አካባቢዋ ስላለው ጫት ለዓመታት የቀረጸችው ነው። ውበቱ ያፈዛል። ቅጠሉ ሲሸመጠጥ፣ ሲታሰር፣ በሌሊት ሲጫን ታያለህ፤ ወጣቶቹ ስለ ስደት ሲያወሩም ትሰማለህ። ታሪክ ለሚጠብቅ ተመልካች ይከብዳል። ብቻህን፣ መብራት አጥፍተህ ተመልከተው።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልምጣ፤ አንድ ቀን ካሜራ ገዝቼ እቀርጻለሁ እንዳልከኝ አልረሳሁም። ወደ ሐዋሳ የሚመጡት ፊልም ቀራጮች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የሚቀርጹት ሁሌም አንድ ነው፤ ፍቅር ሐይቅ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው። ሐይቁ ያምራል፤ አልከራከርም። ከተማዋ ግን በሐይቁ ብቻ አትኖርም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስብ። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ በሌሊት ተነስተው ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰፉት ልብስ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። የዱከሙን የኢንዱስትሪ ዞን «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የሚለው ዘጋቢ ፊልም ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዓለም አሳይቷል፤ የፋብሪካ ሠራተኛዋንም፣ ስለ መሬቷ የምታስበውን ገበሬም፣ ቻይናዊቷን ሥራ አስኪያጅም። የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን አከብራለሁ። የሐዋሳዎቹን ልጆች ግን ቋንቋቸውን የምትሰማ፣ ሰፈራቸውን የምታውቅ አንተ ብትሠራላቸው ምኞቴ ነው።

ለጅምሩ ፋብሪካው ከከበደህ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ውረድ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ድረስ፤ ጀልባዎቹ የሚገቡት ያኔ ነው። ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች አንዱን ምረጥና ከእሱ ጋር ቆይ። የቆሮሶ ዓሣውን ጭንቅላት በግራ እጁ ይይዛል፣ በቀኙ ከጅራት ወደ ላይ ቅርፊቱን ይገፋል፤ ቅርፊቱ ክንዱ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል። ሆዱን ሰንጥቆ ያወጣውን ወደ ኋላው ሲወረውር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻሙበታል፤ እሱ ዞሮ አያይም፤ የሚቀጥለውን ዓሣ አንስቷል። ዋጋ ሲከራከር፣ ቢላውን ሲስል፣ ሻይ ሲጠጣ እስክታይ ድረስ አትሂድ። ሐይቁ ከኋላው ይታያል፤ ያ ይበቃዋል።

ካሜራውን ከቦርሳህ ከማውጣትህ በፊት ግን አስፈቅደው። ለምን እንደምትቀርጸው፣ የት እንደምታሳየው በሚገባው ቋንቋ ንገረው። አልፈልግም ካለህ አመስግነህ ተመለስ። እሺ ካለህ ደግሞ ፊልሙን ስትጨርስ መጀመሪያ የምታሳየው ለእሱ ይሁን፤ ጓደኞችህና እኔ ከዚያ በኋላ እንደርሳለን።