ርቆ የሚያይ መሣሪያና ቀርቦ የሚደርስ ሰው

የታመመውን መጠየቅ ከበጎ ምግባራት አንዱ መሆኑን የማያውቅ የለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴም ጎረቤቱ ታሞ ሳይጠይቀው የቀረ ሰው ይነቀፋል። ነገር ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮቪድ 19 በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ይህ ምግባር በፈተና ላይ ወደቀ፤ ሊጠይቅ የገባው ሰው በሽታውን ይዞ ሊገባ ወይም ይዞ ሊወጣ ይችላልና። እንግዲህ መራቅ ራሱ ፍቅር በሚሆንበት ጊዜ ሕመምተኛውን እንዴት እንጠይቀው? ብለን ልንመረምር ይገባናል።

የዘመኑ ጥበብ ለዚህ አንድ መልስ አቅርቧል። በጣት ላይ የሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ብርሃንን በጣት ውስጥ አሳልፎ በደም ያለውን የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ ከስልክ ጋር ሲገናኝም ልኩን ሩቅ ላለ ሐኪም ያደርሳል። ጥቅሙም ታላቅ ነው። በዚህ በሽታ ከተያዙት አንዳንዶቹ ትንፋሽ ሳያጥራቸው ኦክስጅናቸው እጅግ ወርዶ ተገኝቷልና፣ ሕመምተኛው ራሱ ያልተሰማውን አደጋ መሣሪያው አስቀድሞ ይናገራል።

ሆኖም መሣሪያው ፍጹም አይደለም። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ የኦክስጅን ማነስ ከመሣሪያው ተሰውሮ መቅረቱ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበዛ ገለጡ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አምኖ ሰውየውን አለማየት ያስታል።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በስማዳ ቆላ በአንዲት ጎጆ ለተኛች እናት ይህ መሣሪያ ተሰጣት እንበል። የኦክስጅኗን መውረድ በደብረ ታቦር ያለ ሐኪም ቢያነብ፣ ነገር ግን መኪና የሚያልፍበት መንገድ፣ የሚሸከማት ሰው፣ የምትተነፍሰውም ኦክስጅን ባይገኝ፣ መታወቁ ምን ይረባታል? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የነፋስ መውጫ ሆስፒታል መዘረፉም፣ የሕክምና ዕቃ የሚጠቅመው ሰላምና ጠባቂ ሲኖረው መሆኑን ያስተምረናል።

ቀድሞ ያልደረሰ ሰው «አላወቅሁም» ብሎ ያመካኝ ነበር። አሁን ግን ማወቅ ዕዳ ሆኗል፤ የሌላውን ጭንቅ በቁጥር አይቶ ዝም ያለ፣ ካላየው ይልቅ ይጠየቃል። መሣሪያው የጠያቂ መልእክተኛ ነው እንጂ ጠያቂ አይደለም፤ መልእክቱን የተቀበለ ሁሉ መነሣት አለበት።

ስለዚህ መሣሪያውን አንናቅ፤ ነገር ግን ሰውን በእርሱ አንተካ። በየቀበሌው የተሰማሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናግዝ፤ መንገዳችንን እንጥረግ፤ ቃሬዛችንን አዘጋጅተን እናቆይ። ያን ጊዜ ከሩቅ የታየው ሕመምተኛ ከቅርብ የሚደርስለት ወገን ያገኛል።