«ተፈቅዶልሃል» የሚለው ደብዳቤ

የዚህ ሳምንት ንባባችን 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 7 ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዕዳ አለባት፣ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቷል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ዘይቱን፣ ማድጋዎቹን፣ በሩን ዘግታ መቅዳቷን። እኔም ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። አሁን እንደገና ከፍቼ እንዳነበው ያስገደደኝ ግን አንድ ወንድማችን ከአሜሪካ ደውሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። የክሬዲት ካርድ ደብዳቤ በፖስታ መጥቶለታል። ይቀበል ወይስ አይቀበል?

«ይሄ እኛን ምን አገባን? እኛ ካኩማ ነን፣ ያለን ካርድ የራሽን ካርድ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ ዞሮ እኛው ደጅ ይመጣል።

ይህ ወንድም ከዚሁ ከካኩማ አንድ ነው የሄደው። ሚስቱና ልጁ እስካሁን እዚህ ናቸው። አሜሪካ የገባው ዕዳ ይዞ ነው። ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ይህን እወቁት፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ ስጦታ አይደለም፣ በአይኦኤም በኩል የሚሰጥ ብድር ነው። ወለድ የለበትም፣ ክፍያው ከገባችሁ ከ6 ወር በኋላ ይጀምራል። እሱ ያንን በየወሩ ሳያጓድል ከፈለ፤ በዚያም ስሙ በመልካም ተጻፈለት። እዚያ አገር የሰውን ብድር የሚመዘግቡ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፤ ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። ማን በቀኑ ከፈለ፣ ማን አዘገየ፣ ሁሉን ይጽፋሉ። ከመዝገቡም ለእያንዳንዱ ሰው ከ300 እስከ 850 ድረስ ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩ ከወረደ ቤት አከራዩ ፊቱን ያዞራል፣ ለመኪና የሚያበድረውም ወለድ ይጨምራል።

የአይኦኤሙን ብድር እየከፈለ ሳለ ሁለት ካርድ ተሰጠው። ከዚያ ወደቀ። በምን ወደቀ ብትሉኝ በመጠጥ አይደለም፣ በቁማርም አይደለም። በስልክ ነው። በእኛ ስልክ።

እኛ «ላክልን» እንላለን። ለቀብር፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ አንዳንዴም ለምንም። እሱ ደሞዙ ሲያልቅበት በካርዱ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ እያወጣ ይልክ ነበር። በካርድ ዕቃ ብትገዛና ሒሳቡን በቀኑ ሙሉ በሙሉ ብትከፍል ወለድ አይኖርብህም። ጥሬ ገንዘብ ካወጣህ ግን ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ለማውጣቱም ሌላ ክፍያ አለ። ይህን ያወቅሁት አሁን ነው። በ2018 ልጄ ታማ ሎድዋር ድረስ ይዣት የሄድኩ ጊዜ 200 ዶላር የላከልኝ እሱ ነው። ከደሞዙ መስሎኝ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ፤ ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅስ የሚፈልግ ማን ነው?

በ2020 በኮሮና ጊዜ ሥራው ቆመ፣ ክፍያው ዘገየ፣ ቁጥሩ ወረደ። ዕዳውን ሥራ ካገኘ በኋላ በሦስት ዓመት ከፍሎ ጨረሰ። መዝገቡ ግን ገና አለ። የዘገየ ክፍያ እዚያ ለ7 ዓመት ይቀመጣል። ይህን ሲነግረኝ ኦሪት ዘዳግም 15 ትዝ አለኝ፤ እዚያም በሰባት ዓመት አንዴ ዕዳ የሚተውበት ሕግ አለ። ልዩነቱን እዩ፤ በኦሪቱ የሚተወው ዕዳው ራሱ ነው። የእነዚህ ግን ዕዳውን ከፍለህም የማዘግየትህ ወሬ ሰባት ዓመት ይከተልሃል። እስከዚያ ድረስ ስምህን ለመጠገን ያለህ መንገድ እንደገና መበደርና በቀኑ መክፈል ነው።

እኔ መጀመሪያ የመለስኩለት ቶሎ ብዬ ነው። «አትንካው! ከእሳት ወጥተህ ወደ እሳት?» አልኩት። ተበዳሪ የአበዳሪው ባሪያ እንደሚሆን ምሳሌ 22 ላይ እንዳለ አስታወስኩት። ሮሜ 13ንም ጨመርኩበት፤ ከፍቅር በቀር የማንም ዕዳ አይኑርባችሁ ብሎ ጳውሎስ ጽፏል አልኩ። ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ እውነት ነው የምትለው። ግን እዚህ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ንጹሕ ሰው አይባልም፣ የማይታወቅ ሰው ነው የሚባለው። እነሱ ሲመጡ የት ላስገባቸው? አሁን ያለሁት ከሦስት ወንዶች ጋር ነው። ቤት ልከራይ ስል ቁጥሬን ያዩና ይመልሱኛል። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም አይሆንም አለኝ። ይህ ደብዳቤ ነው መጀመሪያ ተፈቅዶልሃል ያለኝ። ሳነበው አለቀስኩ።»

እኔም ዝም አልኩ። ስብከቴ አጥሮ ተገኘ።

ወገኖቼ፣ ያ ልቅሶ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ራሽኑ የተቀነሰ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በዱቤ በላሁ። ባለሱቁ ባምባ ቻኩላ የሚገባበትን ሲም ካርዴን ከነቁጥሩ ያዘው። ገንዘቡ ሲገባ እሱ ያወጣል፣ እኔ የሰጠኝን እቀበላለሁ፤ ዋጋውን አልጠይቅም፣ ሌላ ሱቅም አልሄድም። ዘዳግም 24 የሰውን ወፍጮና መጅ መያዣ አድርገህ አትውሰድ ይላል፤ የሚበላበትን ነውና። የእኛ ወፍጮ ያ ሲም ካርድ ነው። አስራ አንድ ወር ፈጅቶብኝ ከፍዬ አወጣሁት። ካርዱን በሰጠኝ በሳምንቱ ባለሱቁ ከሩቅ ጠራኝና «ወንጌላዊ፣ አንተማ ታማኝ ነህ፣ ደብተሩ ክፍት ነው፣ የፈለከውን ውሰድ» አለኝ። እመኑኝ፣ ደስ አለኝ። ሰው ፊት ታማኝ ተባልኩ። አንድ ኪሎ ስኳር ወስጄ ቤቴ ልደርስ ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ስኳሩን መለስኩ።

የገባኝ ነገር ይህ ነው። ያ ሰው ይቅር አላለኝም፣ ይቅር የሚባል ነገርም አልነበረንም፤ ከፍያለሁ። አመነኝም ማለት አይቻልም፤ ሲም ካርዱን እንደገና ሊይዝ ነበር። የፈለገው ደንበኛ ነው። ደንበኛ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፣ ሱቅ ነው። ግን ለረጅም ጊዜ ያፈረ ሰው ደንበኛ ሲፈለግ ምሕረት የተደረገለት ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው የምንያዘው፤ ገንዘቡን ፈልገን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «አንተ መልካም ሰው ነህ» እንዲለን ስለተራብን ነው።

ስለዚህ ለወንድማችን መልሼ ደወልኩለትና «ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ፣ ጥቃቅኑን ጽሑፍም» አልኩት። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ልጆች ሒሳብ የሚያስጠና አንድ ወንድም አጠገቤ አስቀምጬ አብረን ደመርን። ካርዱ እስከ 300 ዶላር ያበድራል። የዓመት ክፍያው 75 ዶላር ነው፣ እሱም ካርዱ እንደተከፈተ ከዚያው ላይ ይነሣል። ስለዚህ እጁ የሚገባው 225 ነው። 225 ለመበደር 75 መክፈል ማለት በየሦስቱ ዶላር አንድ ዶላር ማለት ነው፤ ወለዱ ገና አልተነካም። መዝገቡ ላይ ደግሞ ገና አንድ ዳቦ ሳይገዛ የካርዱን ሩብ በልቷል ተብሎ ይጻፋል። በ2009 እዚያ አገር የወጣ ሕግ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ካርዱ ከሚያበድረው ከመቶ 25 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከ300 ላይ 75 ስንት ነው? ልክ 25 ከመቶ። ሕጉ እስከፈቀደለት ጫፍ ድረስ ሄዶ ቆሟል። ሒሳብ የሚያስጠናው ወንድም ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ተፈቅዶልሃል» የሚለውም ቢሆን መጨረሻው አይደለም። ማመልከቻውን ስትሞላ እንደገና ያጣራሉ፤ ማጣራታቸው ራሱ መዝገቡ ላይ ይጻፋል፣ ቁጥሩንም በትንሹ ሊያወርደው ይችላል።

አሁን ወደ ንባባችን እንመለስ። በእነዚያ ሰባት ቁጥሮች ውስጥ ብድር ሁለት ጊዜ አለ፤ እኔ ስሰብክ አንዱን ብቻ ነበር የማየው። አንደኛው ልጆቿን ሊወስድ የመጣው ነው። ሁለተኛው ማድጋዎቹ ናቸው። ነቢዩ ኤልሳዕ በዕዳ የተያዘችውን ሴት ሂጂና ከጎረቤቶችሽ ባዶ ዕቃ ተዋሺ፣ ጥቂትም አይሁን አላት። እንዴ! ተበድራ ለጠፋች ሴት ሌላ መዋስ? መዋስ ራሱ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን አያዝም ነበር። ደግሞ ጎረቤቶቿን አስቡ። ዕዳ እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም ማድጋቸውን ሰጧት። ዕቃው ሲመለስ የሚያገኙት ትርፍ የለም። ባይመለስ ግን የሚያጡት እነሱ ናቸው። አበዳሪው በተቃራኒው ነው፤ ብትከፍል ገንዘቡን ያገኛል፣ ባትከፍል ልጆቿን ያገኛል። እሷ ብትወድቅም እሱ አይወድቅም።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ኤልሳዕ አንድ ነገር ጠይቋት ነበር፤ ቤትሽ ውስጥ ምን አለሽ? አላት። ይህንኑ ለወንድማችን ጠየቅሁት። «ሦስት መቶ ዶላር አለኝ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት» አለ። በመያዣ የሚሰጥ ካርድ መኖሩን እሱም ሰምቶ ኖሯል። 200 ዶላር ባንክ ታስይዛለህ፣ ባንኩ 200 ዶላር ድረስ የሚያበድር ካርድ ይሰጥሃል። የዓመት ክፍያ የሌለው ይገኛል። ካልከፈልክ መያዣህን ይወስዳል፤ ካርዱን በሰላም ስትዘጋ ይመልስልሃል። ለመዝገብ ያዦቹ ማሳወቁን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፣ ያ ከሌለ ዋጋ የለውም። ይህም መያዣ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ወፍጮ አይደለም። ቢወሰድ ያማል እንጂ ራት አያሳድርም፣ ሌላ ሱቅ ከመሄድም አያግድም።

እሱ ቅር አለው። «የራሴን ገንዘብ ለራሴ ሊያበድሩኝ?» አለ። ያኛው ደብዳቤ ክብር ነበረው፣ ይሄኛው ቅጣት መሰለው። ሁለት ሳምንት አሰበበት። እኔም አልገፋሁትም፤ ከፋዩ እሱ ነው፣ ሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው። በመጨረሻ በመያዣ የሚሰጠውን አወጣ። የሚከፍልበት የስልክ ሒሳቡን ብቻ ነው፣ በወሩ ሙሉውን ይከፍላል። ደብዳቤውን ግን አልጣለውም፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጦታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ልመለስ፣ ታገሡኝ ብያችሁ ነበርና። እኛም ስልክ ላይ ፉሊዛ አለን። ያነሰውን ሞልቶ ይከፍልልሃል፣ ቀጥሎ የሚገባልህ ገንዘብ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዕዳው ነው። ቁልፍ መጫን ብቻ ስለሆነ የተበደርን እንኳ አይመስለንም። ከመጫናችሁ በፊት ያቺን የኤልሳዕን ጥያቄ አስቡ። ከዚያ ደግሞ ሌላ፤ ይህ አበዳሪ እኔ ስወድቅ ይጎዳል ወይስ ይጠቀማል? መልሱ ሁልጊዜ ተው ማለት አይደለም። ልጅ ሲታመም ማን ቆሞ ይቆጥራል? እኔም አልቆጠርኩም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም ስለማይጠይቀን ልጠይቅ። ውጭ ላለ ወንድም «ላክልን» ስንል እሱ ከየት ሊያመጣው ነው? እኛ ዕዳ የሌለብን ይመስለናል፤ ደብተር ላይ ስማችን ስለሌለ። የኔ 200 ዶላር በእሱ ስም ነበር የተጻፈው። እኔ ያዳንኳት ልጄ እየሮጠች ነው፤ እሱ ግን የራሱን ልጅ የሚያስገባበት ቤት ሲከለከል ከረመ። በስልክ «አትበደር» ብዬ ጥቅስ ስጠቅስለት ከምን ላይ ቆሜ እንደምናገር አላየሁትም ነበር።

ያኔ 200 ዶላር ወደ 20 ሺህ ሺሊንግ ነበር። እሱ እንደማይቀበለኝ ስለማውቅ አልነገርኩትም። ባለፈው ወር ከኢንሴንቲቬ ላይ 2 ሺህ ቀንሼ ለሚስቱ ወሰድኩላት። «ይሄ የምንድን ነው?» አለችኝ። «የባልሽ ነው፣ እኔ ጋ ነበር» አልኳት። ቆጠረችውና ግማሹን መልሳ ዘረጋችልኝ፤ «ልጅህ ጫማ የላትም» አለች። ቆመን ትንሽ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ሁሉንም ተቀበለችኝ። ዘጠኝ ወር ይቀረኛል።