ጉልበታችሁን ሳትለኩ አትሽጡ

ማለዳ አሸዋ ሜዳ ላይ አካፋችሁን ይዛችሁ መኪና የምትጠብቁ ልጆቼ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። ከገጠር ዘመድ ጠርቷችሁ የመጣችሁም፣ ተምራችሁ ሌላ ሥራ ያጣችሁም አላችሁ። ጭነት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ የተገነቡት አንዱ በጫነው ሌላው ባወረደው አሸዋና ድንጋይ ነው። እኔም በወጣትነቴ ድንጋይ ጭኛለሁ። ነጋዴው አሸዋውን በሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶውን በኩንታል ለክቶ ይሸጣል፤ ሳይለካ የሚሸጠው የእናንተ ጉልበት ብቻ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1600 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ውሃ የጠገበው ከዚያም ይከብዳል። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲኖትራክ በአካፋ ስትሞሉ ከ250 ኩንታል በላይ በእጃችሁ አለፈ ማለት ነው። ለአራት ብትካፈሉት ለእያንዳንዳችሁ ከ60 ኩንታል በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋ ስትቆርጡ በቢያጆ ብቻ አትዋዋሉ፣ ሜትር ኩቡን ጠይቁ። ስፖንዳው ላይ ጣውላ ተደርቦበት የመጣ መኪና በድሮው ዋጋ አይጫንም።

ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ጉራ አለ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ጠንካራው ልጅ ሁለቱን ደርቦ አንድ ሙሉ ኩንታል ይሸከማል፣ ጓደኞቹም «ጀግና!» ይሉታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በእጁ የሚያነሳው ሸክም ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። አንዱ ከረጢት ብቻውን ወደዚያ ተጠግቷል። ሁለተኛውን የሚደርበው ልጅ የሚያገኘው ጭብጨባ ነው፤ ወገቡ ሲሄድ ግን አጨብጫቢዎቹ አያሳክሙትም። ስታነሱ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ሸክሙን ወደ ደረታችሁ አስጠጉ፣ ተሸክማችሁም በወገባችሁ አትጠማዘዙ፤ በእግራችሁ ዙሩ። የሲሚንቶ ብናኝ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላልና ሥራው እንዳለቀ ታጠቡ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ አሸዋና ድንጋይ የሚቆፈርበት ካባው ነው። ከላይ ቆፍሮ ማውረድ ስለሚያደክም ከሥር መቦርቦር ይቀላል፤ ከሥሩ የተቦረቦረ ግድግዳ ግን ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ባለበት ጊዜ፣ የመኪናው ረዳት «ቶሎ በሉ!» ብሎ ቢጮህም ከሥሩ አትግቡ። ጭነቱ ላይ ተቀምጣችሁ መሄዳችሁንም ተዉ፤ መኪናው ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚቀበረው ከላይ ያለው ነው።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። የእናንተ ችግር አሠሪው ማን እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። ሰው ሲጎዳ የካባው ባለቤት ወደ ባለመኪናው፣ ባለመኪናው ወደ ደላላው ይጠቁማል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የቀጠራችሁን ሰው ስምና ስልክ፣ የመኪናውንም ታርጋ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ይኸው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውንም ከካባና ከከባድ ሸክም ያርቃል። ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ የሚመጣ አያለሁ። ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ መልሱት።

አሁን የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣ ይሆናል። ስለ ጉልበታችሁ ልክ የምትጠይቁትን ያህል በሰው ኪስ ላይም ልክ ይኑራችሁ። በዕቁብ ያጠራቀመች እናት አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ከልጆቿ ጋር ልታወርድ ስትል «ይህ ሰፈር የእኛ ነው» ብሎ በር ላይ መቆም ሥራ አይደለም፣ ቅሚያ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ ሰው «ጫኝና አውራጅ» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድደው፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ በላቡ የሚያድረውም አብሮ ይሰደባል። ዋጋችሁን ስፖንዳው ሳይከፈት ተናገሩ፣ ከተስማማችሁ በኋላም አትጨምሩ። ባለቤቱ ዕቃውን ራሴ አወርዳለሁ ካለ መንገድ ልቀቁለት።