የእግዚአብሔር ክብር ክብደት



በቅዳሴያችን ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ክብር እንሰጣለን። ቃሉ ከአንደበታችን ስለማይጠፋ ግን፣ ምን እንደምንል ሳናስተውል የምናልፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የእግዚአብሔር ክብር ምንድን ነው?

ክብር ሲባል ለጎንደር ሰው አስቀድሞ በዐይነ ኅሊናው የሚታየው የነገሥታቱ ግንብ ሳይሆን አይቀርም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተሠራው ያ ቤተ መንግሥት ዛሬም ያስደንቃል፤ የሚነግሥበት ግን የለም። የሰው ክብር እንዲህ ያልፋል። በብሉይ ኪዳን ክብር ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ካቦድ» ነው፤ ሥሩም ከእኛው «ከበደ» ጋር አንድ ነው። እንግዲህ የእግዚአብሔር ክብር ነፋስ የማይወስደው ክብደት አለው። ጌታችን የሚከብርበት ሰዓት መድረሱን በተናገረ ጊዜ ያመለከተው ሞቱን ነው፤ በምድር ወድቃ የምትሞተውን የስንዴ ቅንጣትም ምሳሌ አድርጎ ሰጠን (ዮሐ. 12፥23-24)። የአብ ፍቅር በመስቀል ላይ በሙላት ተገልጦአልና፣ ክብሩም በዚያው ተገለጠ።

ይህን ክብደት የተሸከሙ አባት በጎንደር አልፈዋል። በጎጃም እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፣ መነኩሴና ሊቅ ሳሉ እውነትን ከልብ ይፈልጉ ነበር። በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በ1851 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እጅ ቅስናን ተቀበሉ። በ1854 በጎንደር ታሰሩ። እምነታቸውን እንዲተዉ ቢገረፉም አልተዉም፤ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከሠራዊት ኋላ ሲነዱ ቆይተው በነሐሴ 1855 ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ።

ይህን ገድል የምንተርከው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በዚያ ዘመን የሃይማኖት ክርክር ወንድማማቾችን ለያየ፤ ዛሬ ከእኛ ጋር የማይቆርቡት ግን ጎረቤቶቻችን፣ ዘመዶቻችን፣ የአንድ ጌታ ልጆች ናቸው። ተከራካሪን በመርታት የእግዚአብሔርን ክብር የምንፈልግ ከሆነ፣ ከመስቀሉ ርቀናል። አባ ገብረ ሚካኤል መከራን ተቀበሉ እንጂ በማንም ላይ አላደረሱም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ልጆችን ስለ ክብረ እግዚአብሔር ስታስተምሩ ከዕጣኑና ከዜማው ጀምሩ፤ በዚያ ግን አታቁሙ። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛን ሳትሰለች የምታስታምም እናት፣ ወገኑን ሳይፈራ ለድሀ በእውነት የሚመሰክር ሽማግሌ፣ የበደለውን ሄዶ የሚታረቅ ወንድም፣ በቅዳሴ ያቀረቡትን ክብር በትከሻቸው ይዘው ይወጣሉ። ምንም የማይከብደን ምስጋና ከከንፈራችን አላለፈ እንደ ሆነ እንመርምር።

ክብርን በመስቀል ለገለጠልን አምላክ ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።