መቻል ወይስ ማክበር?

«መቻቻል» የምትለው ቃል በየስብሰባውና በየሬዲዮው መደጋገም ከጀመረች ሰነባብታለች። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ሰው የሚችለው ምንን ነው? ብርድን ይችላል፤ ረሃብን ይችላል፤ ሸክምን ይችላል። ታዲያ ጎረቤቴ «ችዬሃለሁ» ቢለኝ ልደሰት ወይስ ልዘን?

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሙስሊም ልዩነቱን በኑሮው ያውቀዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጠሪያችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር። እንግዳም ቢሆን ይኖራል፤ መኖር ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝብ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ፣ በዓሎቻችንም ይከበሩ ያለው ለዚህ ነው። ጥያቄው «ቻሉን» ሳይሆን «አክብሩን» ነበር። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተዋል። የወጡት ሃይማኖታችንን ተቀብለው አይደለም፤ ሰውነታችንን ተቀብለው እንጂ።

አንዳንድ ወንድሞች ሌላውን ማክበር እምነትን ማላላት ይመስላቸዋል። ስጋታቸው ለዲን ከመቆርቆር የመጣ ነውና አልንቀውም። ሆኖም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን እናስታውስ። የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ብድግ ብለው ቆሙ። ሟቹ አይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸው እርሱም ነፍስ መሆኑን አስታወሱ። ከእምነታቸው የጎደለ ነገር አለን? በፍጹም! ደግሞም ሟች ውለታ አይመልስም። አክብሮታቸው ብድር የሚጠበቅበት አልነበረም።

ይህን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም፤ ከየቤታችን አለ። ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጠርቶ የሚያሳርድ፣ ድስቱንም ለብቻ የሚያደርግ ክርስቲያን አለ። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾም ጎረቤቷ ሽሮውን ያለ ቅቤ የምትሠራ ሙስሊም እናት አለች። ሁለቱም ልዩነታቸውን አልደበቁም። እንዲያውም ልዩነቱን አውቀው ለእርሱ ሲሉ ገንዘብና ድካም አወጡ። የሚችል ሰው ዝም ይላል፤ የሚያከብር ሰው ግን እንዲህ ይደክማል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። ቁጥራችን ባነሰበት መሥሪያ ቤት ወይም ከተማ ክብርን መጠየቅ መብታችን ነው፤ እንጠይቅ። በበዛንበት ሰፈርስ? ብቻዋን ያለች ክርስቲያን ተከራይ ከኛ ግቢ ስትኖር የምታገኘው ምንድን ነው? ልጆቻችን የእምነቷን ሰዎች በምን ስም ሲጠሩ ትሰማለች? ለቅሶ ሲደርስባት ማን ይቀመጥላታል? አላህ (ሱ.ወ) የአደምን ልጆች ማክበሩን በሱረቱል ኢስራእ ሲነግረን ሙስሊሙን ብቻ ለይቶ አልጠራም። በ1966 ለራሳችን የጠየቅነውን ዛሬ በእጃችን ላለው ሰው ከነፈግን፣ ያኔ የጠየቅነው ፍትሕን ሳይሆን ተራችንን ነበር ማለት ነው።

አላህ ፍትሐዊ ያድርገን።